እጅን ስለ መመለስ

በጉና ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የግጦሽ መስክ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ረጅሙን ቀን ከሚያሳልፉባቸው ጨዋታዎች አንዱ ምክቶሽ ነው። ሁለት ልጆች ዱላቸውን ይዘው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንደኛው ይሰነዝራል፣ ሁለተኛው ይመክታል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። ጨዋታው ከሩቅ ለሚያየው ሰው የመምታት ልምምድ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚያስተውል ግን አብዛኛው ብልኃት ያለው በተመካቹ እጅ ላይ ነው፤ ስሙም የወጣው ከመመከት ነው። ልጆቹ ይህን ስም ማን እንዳወጣው አያውቁም፤ ለማወቅም አይጨነቁም። ይሁን እንጂ ስሙ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ በጉያው ይዟል፦ ሰው ሌላውን ሰው መምታት መማር ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ፣ አስቀድሞ መማር ያለበት ምንድን ነው?

ጥያቄው የቆየ ቢሆንም ዛሬ የሚነሣው ከሩቅ አገር በመጣ ስልት አማካይነት ሊሆን ይችላል። በየከተማው ያለ ወጣት በእጁ በያዘው ስልክ የዓለምን የትግል ስልቶች ሁሉ ይመለከታል፤ ከእነዚህም መካከል የታይላንዱ ቦክስ፣ በአገሩ ስም ሙዋይ ታይ፣ ዝናው የናኘ ነው። በባንኮክ የራጃዳምነርን ስታዲየም በ1938 ዓ.ም.፣ የሉምፒኒ ስታዲየም ደግሞ በ1949 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ ስፖርቱ ቋሚ መድረክ አግኝቶ፣ በ2013 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሙሉ ዕውቅና እስከ ማግኘት ደርሷል። ልጁ እንዲህ ያለውን ስልት ልማር ብሎ ሲነሣ አባት መጠየቁ አይቀርም፦ ለምን ብለህ? ማንን ልትመታበት?

ይህን የአባት ሥጋት እንደ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ቆጥሮ ማለፍ ስሕተት ነው። በፋርጣ፣ በጋይንት፣ በእስቴም ሆነ በስማዳ ደጋ፣ በገበያ ወይም በሠርግ ቤት የተነሣ አንድ ዱላ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ተመቺው ወንድም አለው፤ ወንድሙ አጎት አለው፤ አጎቱ ደግሞ ጠመንጃ ይኖረው ይሆናል። በስካር የተሰነዘረ ምት ከዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ፣ ጠቡ ሲነሣ ባልነበረ ሰው ላይ ሲያርፍ የታየበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ልጁን ያሳደገ ሰው የልጁ ክንድ ሲፈረጥም ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ቢሰማው ምክንያት አለው።

በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ስፖርት ሰውነትን ያበረታል፣ ጠባይን ያርቃል፣ ወጣቱን ከአልባሌ ቦታ ያርቀዋል ይላሉ። ይህ አባባል ስለ እግር ኳስም፣ ስለ ሩጫም፣ ስለ ማናቸውም ነገር ሊነገር የሚችል በመሆኑ ስለ መምታት የሚነግረን ነገር የለም። ጠባይን የሚያርቀው ምኑ ነው? ሌላውን ሰው በክርን ግንባሩን የመሰንጠቅ ትምህርት በምን መንገድ ገራም ሰው ያወጣል? ለዚህ መልስ ለማግኘት ከአጠቃላይ ውዳሴ ወርዶ፣ ተማሪው በእርግጥ የሚማረውን ነገር አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል።

የሙዋይ ታይ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው መቆምን ነው። እግሮቹን በትከሻው ስፋት ያህል ለያይቶ አንደኛውን ያስቀድማል፤ ተረከዙን ቀለል አድርጎ በእግሩ ጣቶች ሥር ባለው ሥጋ ላይ ያርፋል፤ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ፣ እጆቹን ወደ ቅንድቡ ከፍ፣ ክርኖቹን ወደ ጎድኑ ሰብሰብ ያደርጋል። ይህ አቋቋሙ ነው። (ቃሉ በዚህ አገር ሌላ ታላቅ ትምህርትም ያስታውሳል። አቋቋም የሚማር የቤተ ክርስቲያን ተማሪም መቋሚያውን ማንሣት ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓትና በምን ስልት ዝቅ እንደሚያደርገው ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል።) ከዚህ በኋላ ነው ወደ ምቱ የሚገባው። ሙዋይ ታይ የስምንቱ አካላት ጥበብ ይባላል፤ ሁለት ቡጢ፣ ሁለት ክርን፣ ሁለት ጉልበት፣ ሁለት እግር። በእነዚህ ሁሉ ላይ እያንዳንዱ ስልት ሁለት ግማሽ አለው፤ መሄድና መመለስ።

ለምሳሌ በጣም የታወቀውን የእግር ምት እንውሰድ። የሚመታው የእግር መዳፍ ሳይሆን ቅልጥም ነው። የቆመው እግር ተረከዙን አንሥቶ ይዞራል፤ ዳሌ ይከተላል፤ መላ ሰውነት እንደ በር በማጠፊያው ላይ ይሽከረከራል። በሚመታው እግር በኩል ያለው ክንድ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ታች ይወነጨፋል፤ ሌላው እጅ ግን አገጩን ጨርሶ አይለቅም። ምቱ የታለመለትን ቢስት መቺው በራሱ ዙሪያ ተሽከርክሮ ወደ ተነሣበት አቋቋም ይመለሳል። ተመቺው ቢያውቅበት ደግሞ ጉልበቱን አንሥቶ በቅልጥሙ ይቀበለዋል፤ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ ከተመታው ይልቅ የመታው የሚያነክስበት ጊዜ አለ። ጀማሪ ኃይሉን ሁሉ በመሄዱ ላይ ያፈስሳል። አሠልጣኙ የሚጮኸው ግን ስለ ሌላው ግማሽ ነው፦ እጅህን መልስ! ቡጢ ከተሰነዘረ በኋላ በአየር ላይ የቀረ እጅ ባዶ የተተወ ፊት ማለት ነውና፣ ይህ ትእዛዝ በአንድ ጧት ልምምድ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢነገር አይበዛም።

ለደብረ ታቦር ልጅ ይህ ፍጹም ባዕድ ትምህርት አይደለም። የከተማይቱን ስም የተሸከመው በዓል፣ ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን ከመድረሱ አስቀድሞ በየመንደሩ ጅራፍ ይጮኻል። ጅራፍ ማስጮኽ ያልቻለ ልጅ ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በጉልበቱ ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ጅራፉም በዝምታ መሬት ላይ ይዘረጋል። የለመደው ልጅ ግን ወርውሮ ወዲያው ክንዱን ይመልሳል፤ በዚያች የመመለስ ቅጽበት የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ይሄድና እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። በጥምቀት ሰሞን በሚደረገው ጉግስም ፈረሰኛው ዘንግ መወርወር ብቻ አይበቃውም፤ ተራው የመሸሽ ሲሆን ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ፣ ዓይኑን በትከሻው ላይ አሻግሮ፣ ሳይወድቅ መጋለብ አለበት።

ያልተመለሰ እጅ ምን እንደሚያስከትል ራስዋ ደብረ ታቦር በታሪኳ አይታለች። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጦሩን እየመራ በከተማይቱ አጠገብ ከራስ አሊ ጋር ገጠመ። በጠመንጃ ብዛት ውቤ ይበልጥ ነበር፤ ውጊያውም ለእርሱ ሆነ። የራስ አሊ ሠራዊት ተፈታ፤ ራስ አሊም ሸሽቶ ተሰወረ። ድል አድራጊው በድንኳኑ ውስጥ ለደስታው ተቀመጠ። በዚህ መካከል የራስ አሊ ወገን የነበረው ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ አሸናፊውን በግብሩ ላይ ማረከው። ራስ አሊ ተሸንፎ ሳለ ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ፤ ውቤ አሸንፎ ሳለ ታሠረ። ጸሐፍት ይህን ታሪክ የዘመነ መሳፍንትን ግራ መጋባት ለማሳየት ይጠቅሱታል። ስለ መምታት ለሚያጠና ሰው ግን ሌላ ነገር ይነግረዋል፤ ውቤ ምቱን አልሳተም፤ እጁን ብቻ አልመለሰም።

ከባዱን ምት ማፍቀርም የዚሁ አገር የቆየ ፈተና ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ጋፋት ለዓፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ድረስ ሲጎተት ወራት ፈጅቷል፤ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ተቀምጧል። የዚያ መድፍ ታሪክ ብዙ ክብርና ብዙ ኀዘን ስላለበት እዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋ አይደለም።

ይሁንና እጅን መመለስ በራሱ ገና ሥነ ምግባር አይደለም። አገጩን የሚጠብቅ ሰው ስለ ራሱ ያስባል እንጂ ስለ ባላጋራው አያስብም፤ ጠንቃቃ ሌባም ጥንቃቄ ያውቃል። የሥነ ምግባሩ ነገር የሚጀምረው ከሁለተኛው ሰው ጋር ነው። መምታት ብቻውን የሚማሩት ትምህርት አይደለምና። ዜማ በዋሻ ውስጥ፣ ንባብ በዛፍ ሥር ብቻ ሆኖ ሊጠና ይችላል፤ መምታትን ለመማር ግን ሌላው ሰው ሰውነቱን ማዋስ አለበት። አንደኛው ከቆዳ የተሠራውን ወፍራም ትራስ በክንዱ ላይ አሥሮ ይቆማል፤ ሌላው እስኪደክም ድረስ በቅልጥሙ ይመታዋል። ከዚያ ትራሱ ከክንድ ወደ ክንድ ይተላለፋል።

የደጋው ገበሬ ለዚህ ግንኙነት ስም አለው፤ ወንፈል ይለዋል። ዛሬ በአንተ ማሳ ላይ አርሜልህ እውላለሁ፤ ነገ በእኔ ማሳ ላይ ትመልሳለህ። በወንፈል ላይ ሥራን አጓድሎ መመለስ ነውር ነው፤ ከተሰጠው በላይ ማስከፈልም እንዲሁ። በልምምድ ሜዳ ያለው ሕግ ከዚህ እምብዛም አይለይም። ጓደኛው ሰውነቱን ያዋሰው ሰው ያንን ሰውነት ሳይሰበር መመለስ አለበት። በታይላንድ ያሉ ቦክሰኞች በልምምድ ጊዜ እርስ በርሳቸው ሲጋጠሙ ቀለል አድርገው፣ እየሣቁ ጭምር እንደሚማቱ ያዩአቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኃይሉን በጓደኛው ላይ የሚጨርስ ሰው ነገ የሚለማመድበት ጓደኛ አይኖረውም። ከግጥሚያ በፊት ደግሞ ቦክሰኛው በከበሮ፣ በጸናጽልና በጥሩንባ መሰል መሣሪያ እየታጀበ በመድረኩ ላይ ተንበርክኮ ለመምህሩ እጅ ይነሣል፤ ይህ ሥርዓት ዋይ ክሩ ይባላል። እጅ መንሣት! በአማርኛ አክብሮትን የምንገልጽበት ይህ ቃል እጅን ለመምታት ከማንሣት ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አንባቢ ልብ ይሏል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ተማሪው ሳያውቀው የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተመትቶ አለመዋረድን ነው። ይህ ለደጋው ሰው ቀላል ነገር አይደለም። በደጋው ልማድ ምትና ውርደት አንድ ናቸው። በጥፊ የተመታ ሰው የሚያመው ጉንጩ አይደለም፤ ያዩት ሰዎች ናቸው የሚያሙት። ሕመሙ በቀኑ ይሽራል፤ ያዩት ሰዎች ግን በገበያም በለቅሶም ያገኙታል፣ ዓይናቸውም እስኪመልስ ድረስ ይጠብቀዋል። ደም መመለስ የሚባለው ከዚህ ነው የሚመነጨው፤ መጀመሪያ ምት ነበረ፣ ከዚያ ስም ሆነ፣ ከዚያ ዕዳ ሆነ። በልምምድ ሜዳ ግን ያው ልጅ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይመታል፤ በሚወደው ጓደኛው፣ በሚያከብረው መምህሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ከእርሱ በሚያንስ ልጅ። ሁሉም ያያሉ፤ ማንም አይሥቅበትም። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ስሙ ከእርሱ ጋር ነው። ምትና ውርደት ሊለያዩ የሚችሉ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን በቃል ቢነግሩት አያምንም ነበር፤ በጎድኑ ላይ ሲለያዩ ግን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ምትን ከውርደት የለየ ሰው፣ ምት እንደ ቀላል ነገር ሆኖበት ሌላውንም በቀላሉ አይመታምን? ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ሠልጥነው ሲያበቁ በሰፈራቸው ጉልበተኛ የሆኑ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ደግሞም ልምምድ ቂምን አያክምም፤ በሜዳ ላይ እጁን የሚመልስ ሰው አባቱ የተገደለበት ቢሆን ማታ ጠመንጃውን ሊወለውል ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው አሠልጣኝ ሳይሆን ሽማግሌ ነው። ሁለቱን ወገን አስቀምጦ፣ ካሣ ቆርጦ፣ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ሥራ በስፖርት የሚተካ አይደለም። ሆኖም ጉልበተኛ የወጣውን ሰው ትምህርት ብንመረምር በአብዛኛው ግማሹ እንደ ጎደለ እናገኘዋለን፤ መምታቱን ተምሮ መመታቱን ሳይማር የሄደ፣ ትራሱን ሳይዝ ትራስ የተያዘለት፣ ወንፈሉን በልቶ የቀረ ነው። ከስልክ ላይ ብቻ የሚማር ወጣት ጉዳይም ከዚህ የተነሣ የሚያሳስብ ነው። ምስሉ የሚያሳየው መሄዱን ነው፤ ምስሉ አይመታውም፣ እጅህን መልስም አይለውም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከባንኮክ አጠገብ በተደረገ ግጥሚያ የ13 ዓመት ልጅ ራሱን ተመትቶ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። የራስ መከላከያ አላደረገም ነበር። ልጁ ጀማሪ አልነበረም፤ ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ከመቶ የሚበልጥ ግጥሚያ አድርጓል። አቋቋሙን፣ ጥበቃውን፣ መመለሱን ያውቅ ነበር። ታዲያ ምን ጎደለው? በታይላንድ ገጠር የደኻ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቤተሰባቸውን በግጥሚያ ገንዘብ ይረዳሉ፤ በየመድረኩ ዙሪያ ደግሞ የውርርድ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። እጃቸውን ያልመለሱት አዋቂዎቹ ናቸው። ልጁ የሚመለስበት ስፍራ አልነበረውም፤ አገጩን ቢጠብቅ እንኳ ዓመቱን የሚጠብቅለት አልነበረም። በዚያ አገር ሞቱ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል፤ ሐኪሞች ልጆች ጭንቅላታቸውን የሚመቱበት ግጥሚያ ይከልከል ሲሉ፣ ከስፖርቱ የሚኖሩት ደግሞ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ይቋረጣል ብለው ተከራክረዋል። የሁለተኛዎቹን ቃል በቀላሉ መናቅ አይቻልም፤ እንጀራ እንጀራ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ ሰውነቱን ያዋሰው ለማን ነው? ወንፈሉንስ የመለሰለት ማን ነው?

ስለዚህ ማስተማርና ማጋጠም፣ ማጋጠምና መሸጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለመጀመሪያው የሚሰጠው ምስጋና ሌሎቹን አይሸፍንም። የደጋውን ጨዋታም አለልክ ማሞገስ አይገባም። በምክቶሽ ላይ የሚወራረድ ሰው የለም፤ ነገር ግን የሚያስቆም ዳኛም የለም፤ በዱላ ጫፍ የጠፋ ዓይን በየመንደሩ ይገኛል። በቡሄ ሰሞን የአንዱ መንደር ልጆች ከሌላው ጋር በጅራፍ ሲገራረፉ ጨዋታው ወደ ጠብ የሚዞርበትን ቅጽበት የሚያውቅ አዋቂ በአጠገባቸው ካልቆመ፣ ነገሩ እስከ ወላጆች ይደርሳል። ባሕል ብሎ መተውም፣ ስፖርት ብሎ ማጽደቅም ያንን የሚቆም ሰው አይተኩም።

አባትየው የጠየቀው ጥያቄ፣ ማንን ልትመታበት የሚለው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም አልተዘጋም። ምናልባት ልጁ ለአባቱ ሊመልስለት የሚገባው በሌላ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንዲመታኝ ትፈቅዳለህ? ማንስ ሲያየኝ? በአሠልጣኝነት ስም የሚመጣውን ሰው የሚመዝን ወላጅ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ከመጠየቁ በፊት አንድ ቀን ጧት ሄዶ ልምምዱን ቢያይ ብዙ ይረዳል፤ ትራሱን ማን እንደሚይዝ፣ ትንሹ ልጅ ሲመታ መምህሩ ወዴት እንደሚያይ፣ የደከመው ልጅ ቁጭ እንዲል ማን እንደሚያዘው።

በጉና ግርጌ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከብቶቹ ወደ በረት መመለስ ይጀምራሉ። ሁለቱ ልጆች ገና አልጨረሱም። ትልቁ ሰንዝሯል፤ ትንሹ ዘግይቶ መክቷል፤ ዱላው ጣቱን ነክቶታል። ትንሹ ጣቱን በአፉ ይዞ ዝም ይላል። ትልቁ ዱላውን በመሬት ላይ አስደግፎ ይጠብቀዋል። ተራው የትንሹ ነው።